የወለቀ ትከሻ ጉልበት አይወድም

እሁድ ረፋድ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት በዝግታ ይገባል። በግራ እጁ የቀኝ ክርኑን ደግፏል፤ ወገቡን ወደ ቀኝ አዘንብሏል፤ እግሩን የሚያነሳው መሬቱ እንዳይነቀንቀው እየተጠነቀቀ ነው። የኳስ መለያው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አብሮት የመጣው ጓደኛው ካርድ ለማውጣት ወደ መስኮቱ ሮጧል። በመሃል የልጁ ስልክ ጠራ። ሲስተሯ ከኪሱ አውጥታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። እናቱ ናቸው፤ ድምፃቸው አጠገቡ ለቆምነውም ይሰማል።

«ወጌሻ ጋ ውሰዱት ብዬ ነበርኮ! እዚሁ ጎረቤት እያሉ!»

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት ደርሻለሁ፤ አይዞሽ» አላቸው ጥርሱን ነክሶ።

ሲስተሯ መለያውን በመቀስ ልትቀደው ስትል «ኧረ የቡድኑ ነው!» ብሎ ለመናት። እሷም አልጨከነችም። መጀመሪያ ደህናውን እጁን ከእጅጌው አወጣች፤ ቀጥላ በጭንቅላቱ በኩል አሳለፈችው፤ በመጨረሻ የታመመውን ክንድ ሳታንቀሳቅስ ልብሱን ወደ ታች አንሸራትታ ገፈፈችው። ልብሱ ሲወልቅ ለምርመራው ብዙ አልቀረም። የግራው ትከሻ ክብ ነው፤ የቀኙ ግን ጫፉ ላይ እንደ ማዕዘን ሹል ብሎ ከሥሩ ጎድጉዷል። ከአንገት አጥንቱ ዝቅ ብሎ፣ በደረቱ የላይኛው ጎን፣ ሊኖር የማይገባው እብጠት አለ። እሱ እብጠት አይደለም። ከቦታው የወጣው የክንድ አጥንት ራስ ነው።

«ስንት ሰዓት ላይ ወደቅክ?» አለችው ተረኛዋ ሐኪም።

«ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ኳሷን ላድን ዘልዬ በተዘረጋ እጄ ወደቅኩ።»

«ከዚህ በፊት ወልቆ ያውቃል?»

«በፍጹም።»

አሁን አራት ሰዓት አልፏል፤ ከወደቀ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖታል። ይህ ቁጥር ለሐኪሟ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግን መገጣጠሚያው እንዴት እንደተሠራ ማየት ይበጃል።

ከትልልቆቹ የሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ትከሻን ያህል የሚወልቅ የለም። ምክንያቱ ነፃነቱ ነው። ዳሌ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር የሚወልቀው ከባድ አደጋ ሲያገኘው ነው። የክንዱ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ቦታ ግን ጥልቀት የለውም፤ የአጥንቱ ራስ ስፋትም ከማረፊያው ሦስት፣ አራት እጥፍ ይበልጣል። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ አቁሞ እንዳይንከባለል እንደመጠበቅ ነው። እንዳይንከባለል የሚጠብቁት ዙሪያውን የከበበው ለስላሳ ጠርዝ፣ የመገጣጠሚያው ከረጢትና ጅማቶቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአራት አቅጣጫ አቅፈው የያዙት ጡንቻዎች ናቸው። እጃችንን ሰማይ ላይ የምንሰቅለው፣ ጀርባችንን የምናክከው፣ ድንጋይ የምንወረውረው በዚህ ልቅነት ነው። ዋጋውም ይኸው ነው፤ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን ተከፍቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሳለ ድንገተኛ ኃይል ሲያገኘው የአጥንቱ ራስ ወደ ፊትና ወደ ታች ሾልኮ ይወጣል። ከመቶ የትከሻ ውልቃቶች ዘጠና አምስት ያህሉ በዚህ መንገድ የሚወጡ ናቸው።

አጥንቱ ሲወጣ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም። በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች የተጎዳውን ለመጠበቅ ይኮማተራሉ። መኮማተራቸው የወጣውን ራስ በወጣበት ይቸነክረዋል፤ ሕመሙ ያይላል፤ ሕመሙ ደግሞ መልሶ ያኮማትራቸዋል። ሰዓት በሄደ ቁጥር ይህ ትንቅንቅ ይጠነክራል። እንግዲህ ትከሻ የሚመልስ ሰው የሚታገለው ከአጥንት ጋር አይደለም፤ ከፈራ ጡንቻ ጋር ነው። የፈራን ጡንቻ ደግሞ ጎትቶ ማሸነፍ ይቻላል፤ ግን የሚያስከፍለው ብዙ ነው።

ሐኪሟ ወደ መመለሱ አልቸኮለችም። በመጀመሪያ የእጁን አንጓ ይዛ የደም ሥሩን ምት ቆጠረች። ጣቶቹን ዘርጋ፣ አጥፍ፣ የእጅ አንጓህን ወደ ላይ ቀና አድርግ አለችው። ከዚያ የጥጥ ጫፍ አንስታ የቀኝ ትከሻውን ውጫዊ ጎን፣ ወታደሮች ማዕረግ ከሚለጥፉበት ዝቅ ብሎ፣ በስሱ ነካችው። ወዲያው የግራውን ነካች።

«ሁለቱም እኩል ይሰማሃል?»

«ይሄኛው ትንሽ ደነዝ ይላል… አይ፣ እኩል ነው።»

እዚያች ቦታ ላይ ያለውን ስሜት የሚሸከመው ነርቭ በክንዱ አጥንት አንገት ዙሪያ ተጠምጥሞ ያልፋል። አጥንቱ ሲወጣ የሚወጠረውና አንዳንዴም የሚጎዳው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያገግማል። ሆኖም ከመመለሱ በፊት ያልተመዘገበ መደንዘዝ፣ ከተመለሰ በኋላ ሲገኝ «ሐኪሙ ነው ያደረገው» ያሰኛል። ስለዚህ የተገኘው ስሜት ካርዱ ላይ ከነሰዓቱ ይሰፍራል። ቀጥሎ ራጅ። መጀመሪያ ጊዜው ስለሆነና በአደጋ ስለወደቀ፣ የተሰበረ አጥንት እንደሌለ ሳይታይ ክንዱን ማንቀሳቀስ አይገባም። የክንዱ አንገት ተሰንጥቆ ከሆነ ያልታየው ስንጥቅ በመመለስ ሙከራ ተላቅቆ ለሁለት ሊለያይ ይችላል።

ራጁ ንጹሕ ነበር፤ ውልቃት እንጂ ስብራት የለም።

ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር ከጠበቅኩት ፈጽሞ የተለየ ነው። አንሶላ በደረት ዙሪያ ጠምጥመው ሁለት ጎልማሶች በተቃራኒ ሲጎትቱ ነበር የማውቀው። ያ ዘዴ ዛሬም አለ፤ ቦታም አለው። ሐኪሟ ግን አልጋውን ትታ መደገፊያው ቀጥ ያለ ወንበር አስመጣች። ልጁን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፤ እሷም ፊት ለፊቱ፣ ወደ ታመመው ጎን ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ክንዱን ከጎኑ ሳታርቅ ክርኑን አጠፈችለትና እጁን በገዛ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው። የራሷን ክንድ በክርኑ ማጠፊያ ላይ አሳረፈች። አልጎተተችም፤ የክንዷ ክብደት ብቻ ወደ ታች ይጫናል።

«ምን ቦታ ነው የምትጫወተው?»

«በረኛ ነኝ።»

«ታዲያ አዳንካት?»

«አድኛለሁ» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

በሌላ እጇ ከአንገቱ ወደ ትከሻው የሚወርደውን ጡንቻ ማሸት ጀመረች፤ ቀጥሎ ትከሻውን የሚያለብሰውን፤ በመጨረሻ የክንዱን የፊት ጡንቻ። እንደገና ከላይ። እያሸች ታወራዋለች። ሕመም በተሰማው ቁጥር እጇ ይቆማል፤ ሲረጋ ይቀጥላል። «ትከሻህን አትጠብቀው፤ እኔ ይዤልሃለሁ። አሁን ደረትህን ንፋ። ቀና በል። ሁለቱን ትከሻዎችህን ወደ ኋላ ሳባቸው።» እንዳለችው አደረገ። ድምፅ አልተሰማም፤ የሚነቃነቅም ነገር አላየሁም። ልጁ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ጎን ተመለከተ።

«ገባ እንዴ?»

ገብቷል። የትከሻው ክብ ቅርጽ ተመልሷል። ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ የግራ ትከሻውን እንዲነካ ነገረችው፤ ነካው። የወለቀ ትከሻ ያለው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ጥጡን ደግማ አነሳች፤ ምቱን ደግማ ቆጠረች፤ ሁለተኛ ራጅ አዘዘች።

ይህን የወንበር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ኒል ከኒንግሃም የተባለ አውስትራሊያዊ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ነው። ትከሻ መመለስ ራሱ ግን የሰው ልጅ ካስመዘገባቸው የሕክምና ሥራዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በግብፅ፣ በራምሴስ 2ኛ ዘመን በኖረው በቀራፂው ኢፑይ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ዓመት ገደማ የተሣለ ሥዕል አለ፤ መሬት ላይ ያለን ሠራተኛ ክንድ ሌላው ይዞ ሲያንቀሳቅስ ያሳያል፤ ብዙዎች የወለቀ ትከሻ ሲመለስ ነው ይላሉ። ግሪካዊው ሂፖክራተስ ተረከዙን በታማሚው ብብት ውስጥ አስገብቶ ክንዱን መሳብን ጽፏል። ተረከዝ ነርቭና የደም ሥር በሚያልፉበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ዛሬ ስለምናውቅ ዘዴው ተትቷል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የቴዎዶር ኮኸር ታሪክ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በእንቅርት ሥራው ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1870፣ የትከሻ አመላለስ ጽፎ ነበር፤ ክርን ታጥፎ ክንዱ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ክርኑ ወደ ፊት ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ መጎተት አልነበረም። ከእሱ በኋላ የመጡት መጎተት ጨመሩበት፤ ክንዱን እንደ ቁልፍ እያስገደዱ አዞሩት፤ አጥንት እየተሰበረ ዘዴው በስሙ ተወቀሰ። ኒውዮርካዊው ሉዊስ ስቲምሰን በ1900 ታማሚውን አስተኝቶ፣ ክንዱን ወደ ታች አንጠልጥሎ፣ እጁ ላይ ትንሽ ክብደት አስሮ ጡንቻው በራሱ ጊዜ እስኪደክም ጠበቀ። በ1938 ሚልች፣ በ2009 ግሪካዊው ፋሬስ ሳየግ የየራሳቸውን መንገድ ጨመሩ። የዘዴዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው፤ እንደኔ ግን ልዩነታቸው ከሚመስለው ያነሰ ነው። የሚሠሩት ሁሉ ጡንቻው እስኪለቅ የሚጠብቁ ናቸው።

ሁልጊዜ በወንበርና በወሬ አይመለስም። ሕመሙ ከጠና፣ ሰውየው ጡንቻው የዳበረ ከሆነ፣ ወይም ሰዓታት ካለፉ መድኃኒት ይገባል። አንዱ መንገድ አንድ ፐርሰንት ሊዶካይን ሃያ ሚሊ ሊትር ያህል በትከሻው ጫፍ ሥር በተፈጠረው ጉድጓድ በኩል በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ መስጠት ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ታማሚው ነቅቶ እያወራ ትከሻው ይመለሳል። ሌላው በደም ሥር ማስተኛት ነው፤ በሀገራችን ድንገተኛ ክፍሎች ኬታሚን ለዚህ ባለውለታ ነው። ሕመምን ያጠፋል፤ በተገቢው መጠን ሲሰጥ እንደሌሎቹ ማስተኛዎች ትንፋሽን ብዙ አያዳክምም። ያም ሆኖ ኦክስጅን፣ የልብና የትንፋሽ መቆጣጠሪያ፣ የትንፋሽ መስጫ ፊኛ፣ ከአጠገቡ የማይለይ ሰውና እስኪነቃ የሚያርፍበት አልጋ ይፈልጋል። ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ ጥናቶች ትከሻውን በመመለስ ረገድ ያን ያህል አይበላለጡም ይላሉ። አልጋ በጠፋበት ክፍል ውስጥ ሊዶካይን ቀድሞ ሊታሰብ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ግን እልህ መጋባት የለም፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ወደ ሙሉ ማደንዘዣና ወደ አጥንት ሐኪሞች ማስተላለፍ ነው።

ትከሻው ከገባ በኋላ ያለው ጉዳይ እንደ ዕድሜው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በወጣት ላይ አጥንቱ ሲወጣ የማረፊያውን ጠርዝ ከፊት ቦጭቆ ይሄዳል፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 የጻፈው ጉዳት ነው። የክንዱ ራስ ደግሞ ከኋላ በኩል በጠርዙ ተጨፍልቆ ስርጉድ ይላል፤ ሂልና ሳክስ የተባሉ ሁለት የራጅ ሐኪሞች በ1940 ገልጸውታል። በር ተከፍቶ ስለሚቀር፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ትከሻው የወለቀ ሰው ዳግም የመውለቁ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ክንድን ለወራት አንጠልጥሎ መያዝ ይህን አይለውጠውም። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ማንጠልጠያ፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ፤ ለስድስት ሳምንት ያህል እጅን ሰቅሎ ወደ ኋላ አለማዞር፤ ግፊያ ካለበት ስፖርት ሦስት ወር ገደማ መራቅ። ደጋግሞ ከወለቀ ቀዶ ሕክምና አለ። ፈረንሳዊው ላታርዤ በ1954 ያስተዋወቀው፣ ከአጠገቡ ቁራሽ አጥንት ከነጅማቱ አንስቶ የማረፊያውን ፊት የሚያጥር ቀዶ ሕክምና ውድ ካሜራ የግድ አይለውም፤ የሰለጠነ የአጥንት ሐኪም ባለበት ሊሠራ ይችላል።

ከአርባ ዓመት በላይ ሲሆን ስጋቱ ይገለበጣል። ዳግም መውለቅ ይቀንሳል፤ ክንድን የሚያነሱት ጅማቶች መበጠስ ግን ይበዛል። አንዲት የስልሳ ዓመት እናት ትከሻቸው ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ እጃቸውን ማንሳት ካልቻሉ «ሕመሙ ስላለቀቀዎት ነው» ብሎ መሸኘት ጥፋት ነው፤ ጅማቱ መታየት አለበት። በዚህ ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የተቀመጠ ትከሻም ደርቆ ይቀራል።

ወደ ኋላ ስለሚወጣው ትከሻም ልናገር፤ ከመቶ ሁለት እስከ አራት ቢሆን ነው፤ የሚያደርሰው በደል ግን ከቁጥሩ ይበልጣል። ከሚያወጡት መካከል የሚጥል በሽታና የኤሌክትሪክ አደጋ ይገኙበታል፤ ጡንቻዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲኮማተሩ ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ያሸንፋሉ። በዚያው ክፍል ያየኋቸው አንዲት ሴት ሌሊት ጥሏቸው ካደሩ በኋላ ክንዳቸው ሆዳቸው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሌላ ቦታ ራጅ ተነስተው «ደህና ነው፤ ቅጭት ነው» ተብለዋል። ከፊት ብቻ የተነሳ ራጅ በእርግጥም ደህና ሊመስል ይችላል። ሐኪሟ ግን ራጁን ከማየቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«እናቴ፣ ክርንዎን ከጎንዎ ሳያርቁ መዳፍዎን ወደ ውጭ ያዙሩልኝ።»

«እምቢ አለኝ ልጄ፤ ታስሯል።»

በጎን የተነሳው ራጅ ነገሩን ገለጠው። ከነዚህ ውልቃቶች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ምርመራ ሳይታወቁ እንደሚያልፉ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ትከሻው ካመመው ይህችን አንዲት ጥያቄ አለመጠየቅ ይቅር አይባልም። ታማሚዋ መድኃኒታቸውን በየቀኑ የሚያገኙበት መንገድ ካልተበጀ ደግሞ የተመለሰው ትከሻ በሚቀጥለው ሌሊት ይወጣል።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ድንገተኛ ክፍል ሳይሆን የአጥንት ሐኪሞች ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ያገኘኋቸው ገበሬ ነገር ነው። ከበቅሎ ከወደቁ አራት ወር ሆኗቸዋል። ወጌሻ በቅቤ ደጋግሞ አሽቷቸዋል፤ ሕመሙም እየቀነሰ ሄዷል። ቀኝ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም። «እርፉንስ እይዘዋለሁ፤ ዝቅ ያለ ነው። ጅራፉን ነው ማንሳት ያቃተኝ» አሉ። ሐኪሙ ሊሰሙት የማይወዱትን ነገራቸው። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ውልቃት እንደ ትኩሱ በእጅ አይመለስም። ማረፊያው በጠባሳ ተሞልቷል፤ በብብት የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል፤ አጥንቱም ሳይሠራ ከርሞ ሳስቷል። በጉልበት መመለስ የደም ሥሩን ሊበጥስ፣ ክንዱን ሊሰብር ይችላል። የቀረው ከፍቶ መሥራት ነው፤ ሕመሙ ቀላል ለሆነና በዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ አንዳንዴ እንዳለ ትቶ ባለው እንቅስቃሴ መኖርን ማስተማር የተሻለ ይሆናል።

ወጌሻውን መክሰስ ቀላል ነው። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ብዙ ወጌሻዎች ትኩስ ውልቃት መልሰዋል፤ ይህን የሚክድ ሰፈሩን የማያውቅ ነው። ቅርብ ናቸው፤ ዋጋቸው ይቀመሳል፤ «እጅህ ይቆረጣል» አይሉም። ጥፋቱ ያለው ስብራትና ውልቃትን በእጅ ብቻ ለይቶ ለማወቅ በመሞከር፣ ያልገባውን ደጋግሞ በማሸትና ለስብራት በቀርከሃ አጥብቆ በማሰር ላይ ነው። በዚህ አስተሳሰር የሚመጣው ጋንግሪን ልጆችን እጅና እግር ማሳጣቱ በሀገራችን የሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ሐኪሙ መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት ደግሞ ተስፋ አለው፤ ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ ሰዎች ቀንሰዋል። ከማባረር ማስተማር እንደሚሻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ትምህርቱ ግን ለወጌሻ ብቻ አይደለም። በሀገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የሠለጠኑት በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ናቸው። በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለ የጤና መኮንን የወለቀ ትከሻ ሲመጣበት ሪፈር ጽፎ ይሸኛል፤ ታማሚው መኪና ሲፈልግ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ያ ጡንቻ ይጠብቃል። የወንበሩ ዘዴ ማደንዘዣ አይጠይቅም፤ ወንበር፣ ትዕግሥትና ያሳየ ሰው ብቻ ይጠይቃል። ደጋግሞ ለወለቀበት ወጣት ደግሞ፣ አዲስ ምት ካላገኘው፣ ራጅ ባይኖርም ሊሞከር ይችላል። መጀመሪያ ጊዜው ለሆነ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ትከሻው ለደነዘዘ ወይም የእጁ ምት ለተዳከመ መላክ ግድ ነው። በሚላክበት ጊዜም ክንዱን ለማስተካከል ሳይሞክሩ ባለበት አቅጣጫ፣ በብብቱ የተጣጠፈ ጨርቅ ደግፈው በነጠላ ከደረቱ ጋር ማሰር፣ የሕመም ማስታገሻ መስጠት፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የወለቀበትን ሰዓትና ጣቶቹ ሲላክ ምን ይሰማቸው እንደነበር መጻፍ ነው።